ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ?

የዚህ ወር ጨዋታችን በብዙዎቻችን ቤት ምሽት ምሽት ስለሚነሳ ጉዳይ ነው። እራት ሳይቀርብ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ደብተሩ ላይ አሥር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ከላያቸው «የዓረፍተ ነገሮቹን ዓይነት ለዩ» የሚል መመሪያ አለ። አባት ከሥራ ደክሞት ገብቷል፤ እናት አንድ ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ መልስ ይሰጣል፦ «መጨረሻውን እያየህ ሥራው! የጥያቄ ምልክት ካለው ጥያቄ ነው፣ ቃለ አጋኖ ካለው አጋናኝ ነው፣ ነጥብ ካለው ሐተታ ነው።»

ልጁ አሥሩንም ሊያገኝ ይችላል፤ እናንተም ደስ ይላችኋል። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። መምህርቷ ክፍል ውስጥ ስትናገር ከአፏ የጥያቄ ምልክት አይወጣም። ልጁ ራሱ ሲጽፍ ደግሞ ምልክቱን የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን ዓይነት ሳያውቅ የትኛውን ምልክት ይምረጥ? ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ያደረገው ምልክቱ አይደለም፤ ምልክቱ የመጣው ጥያቄ ስለሆነ ነው።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ነው። የተማርኩት ቢዝነስ ቢሆንም ውሎዬ ከዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ለደንበኛ የሚላከው አጭር መልእክት ይጠይቅ ወይስ ይዘዝ? ለውጭ አገር አቅራቢ የሚጻፈው ኢሜይል ያሳውቅ ወይስ ይለምን? አንድ ሐሳብ በአራት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሊቀርብ እንደሚችል፣ አራቱም የተለያየ ምላሽ እንደሚያመጡ በየቀኑ አያለሁ። ለዚህም ነው የእህቴ ልጅ የሦስተኛ ክፍል ደብተሯን ይዛ «አክስቴ፣ አስረጂኝ» ስትለኝ ደስ እያለኝ የምቀመጠው። አብረን ስንሠራ የያዝነው ዘዴ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እንዴት ነው የተሠራው? ሁለተኛ፣ ምን ሊሠራ ነው የመጣው?

ነገሩ የቤት ሥራ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ ዛሬ የሰዋስው ጉዳይ የሆነው ነገር ነገ የባዮሎጂና የታሪክ ጉዳይ ይሆናል። አንድ የፈተና ወረቀት አውጥታችሁ ተመልከቱ። «ጥያቄ» ብለን ከምንጠራቸው ውስጥ ብዙዎቹ ትእዛዝ ናቸው። «ሊስት» ይላል፣ ዘርዝር ማለት ነው። «ኮምፔር» ይላል፣ አነጻጽር ማለት ነው። «ኤክስፕሌይን» ይላል፣ አብራራ ማለት ነው። ዘርዝር በተባለበት የሚያብራራ ልጅ ጊዜው ያልቅበታል፤ አነጻጽር በተባለበት የሚዘረዝር ልጅ ደግሞ መልሱን እያወቀ ማርክ ያጣል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ያስቀመጥኳቸው ጮክ ብላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር እንድታነቧቸው ነው። የዓረፍተ ነገርን ዓይነት ለመለየት ጆሮ ከዓይን ያላነሰ ይረዳል።

ግሡ የት ነው ያለው?

አማርኛችን ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ማሰሪያ አንቀጽ» መባሉም ነገሩን ስለሚያስረው ነው። «አልማዝ ቡና…» ብሎ ያቆመ ሰው አልማዝ ቡና ትጠጣ፣ ትቁላ፣ ትሽጥ ገና አልነገረንም። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ያስቀድምና ግሡን ወዲያው ያስከትላል፦ «አልማዝ ድሪንክስ ኮፊ»። መጀመሪያ ባለቤት፣ ቀጥሎ ግሥ፣ ከዚያ ተሳቢ። ይህ ቅደም ተከተል የሐተታዊ ዓረፍተ ነገር መልክ ነው፤ ሥራውም መናገርና ማሳወቅ ነው። አሉታ ሲሆን ዓይነቱ አይቀየርም። «አልማዝ ደዝንት ድሪንክ ኮፊ»፣ አልማዝ ቡና አትጠጣም፣ ይህም ሐተታ ነው። «ደዝ» የምትለዋን ሲያዩ ጥያቄ ነው የሚሉ ልጆች አሉና ቦታዋን አሳዩአቸው፤ እዚህ ባለቤቱን ተከትላ እንጂ ቀድማ አልመጣችም።

ጥያቄ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ ይለያያሉ። እኛ «መጣ» የሚለውን ቃል ድምፃችንን ከፍ አድርገን «መጣ?» ካልነው ጥያቄ ሆነ። «ወይ» ወይም «እንዴ» ልንጨምርበት እንችላለን፤ ያሉት ቃላት ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። እንግሊዝኛ ቦታ ያለዋውጣል። «ሺ ኢዝ ሲክ» አሟታል ነው፤ «ኢዝ ሺ ሲክ?» አሟታል ወይ? ነው። ረዳት ግሥ በሌለበት «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ይመጣና ከፊት ይቆማል፦ «ደዝ አልማዝ ድሪንክ ኮፊ?» «ድሪንክስ» መጨረሻ ላይ የነበረችው «ስ» እንደጠፋች አስተውላችኋል? ሥራዋን ለ«ደዝ» አስረክባ ነው። ይህን ያልተነገረው ልጅ «ደዝ አልማዝ ድሪንክስ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ከተነገረው ግን በቀላሉ ይይዘዋል።

«ሁ»፣ «ዋት»፣ «ዌር»፣ «ዌን»፣ «ዋይ» እና «ሃው» የመጠየቂያ ቃላት ናቸው። እኛ «ነገ የት ትሄዳለህ?» ስንል የመጠየቂያ ቃሉ ከግሡ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ወደ ፊት ያወጣዋል፦ «ዌር አር ዩ ጎይንግ ቱሞሮው?» ሆኖም የመጠየቂያ ቃል ያለበት ሁሉ ጥያቄ እንዳልሆነ ልጆች ማወቅ አለባቸው። «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ስንል የት እንዳለ አላውቅም ማለታችን ነው። «ዌር» አለ፣ ጥያቄ ግን የለም፤ ሰውየው አለማወቁን እየነገረን ነው። ስለዚህ ቦታ መለዋወጡ ይቀራል፤ «ዌር ኢዝ ሂ» ሳይሆን «ዌር ሂ ኢዝ» እንላለን። መጨረሻውም ነጥብ ነው። ይህቺን አንዷን ምሳሌ የገባት ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

ትእዛዙን ለመለየት የጎደለውን ሰው ፈልጉ። «ኦፕን ዘ ዶር»፣ በሩን ክፈት። ባለቤቱ የት አለ? አልተጠራም፤ «ዩ» ከጀርባ ተደብቋል። የእንግሊዝኛ ትእዛዝ በባዶ ግሥ ይጀምራል፣ ሲከለክል ደግሞ በ«ዶንት»። በዚህ ነገር አማርኛችን ሀብታም ነው። ተቀመጥ፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጡ፣ ይቀመጡ፦ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለብዙ ሰው፣ ለትልቅ ሰው፣ ሁሉም በግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ሲት» ብቻ ነው ያለው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

አራተኛው አጋናኙ ነው። መገረምን፣ መደነቅን፣ አንዳንዴም መናደድን ያወጣል። «ዋት ኤ ቢግ ሃውስ ኢት ኢዝ!»፣ እንዴት ያለ ትልቅ ቤት ነው! «ሃው ቶል ሂ ኢዝ!»፣ ቁመቱ እንዴት ይረዝማል! ሁለተኛውን ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ «ሃው ቶል ኢዝ ሂ?»፣ ቁመቱ ስንት ነው? ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለዋወጡት «ሂ» እና «ኢዝ» ብቻ ናቸው፤ አንዱ አድናቆት ሆኖ ሌላው ሜትር የሚያስመዝዝ ጥያቄ ሆነ።

ቃለ አጋኖ ያለው ሁሉ አጋናኝ ነው ወይ? በዚህ ጉዳይ እንግሊዞቹ ራሳቸው ተከራክረዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች አራቱን ዓይነቶች በስማቸው እንዲያውቁ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለፈተናው ሲባል አጋናኝ ዓረፍተ ነገር በ«ዋት» ወይም በ«ሃው» መጀመር፣ ግሥም መያዝ አለበት የሚል ማብራሪያ ወጣ። አንድ ልጅ «ዶር ኢዝ ኦፕን!» ብሎ ቃለ አጋኖ ቢያደርግበት በዚያ ፈተና አጋናኝ ተብሎ አይያዝለትም፤ በድምፅ የጎላ ሐተታ ነው። ጥብቅነቱ ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ምልክቱ የድምፁን ከፍታ ይነግረናል፣ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር አይነግረንም።

በነገራችን ላይ ለምልክት ለምልክት እኛም አንሰን አንገኝም። ሦስት ነጥብ የምትመስለው «፧» የራሳችን የጥያቄ ምልክት ናት። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ «¡» ደግሞ ትእምርተ ስላቅ ነው፤ የተጻፈው ለፌዝ እንደሆነ ይጠቁማል። ልጆቻችሁን «ዛሬማ ክፍልህን እንዴት አድርገህ አጽድተኸዋል¡» ብላችሁ ጻፉላቸው፤ ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ወዲያው ይገባቸዋል።

ቅርጹ ሌላ፣ ሥራው ሌላ

እስካሁን ያየነው ቅርጹን ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንሂድ። ምን ሊሠራ ነው የመጣው?

አንዲት መምህርት ክፍል ውስጥ አንዱን ተማሪ «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ሪድ ፎር አስ?» አለችው እንበል። ቃል በቃል ስንወስደው «ልታነብልን ትወዳለህ?» ነው። ረዳት ግሡ ቀድሟል፣ ቅርጹ ጥያቄ ነው። ልጁም እንደ ጥያቄ ቆጥሮት በቅንነት «ኖ» አላት። መምህርቷ ባለጌ ልጅ ናት ያጋጠማት? አይደለም። ልጁ ሰዋስው አልቸገረውም፤ የተሰጠውን የቤት ሥራ ቢሆን ኖሮ «ጥያቄ» ብሎ ጽፎ ማርክ ያገኝበት ነበር። የቸገረው ጥያቄ ለብሳ የመጣችውን ትእዛዝ ማወቅ ነው።

ትዕግሥት ካላችሁ አማርኛው ውስጥ ያው ነገር ሞልቷል። አያት ሶፋው ላይ ተቀምጠው «ውሃ ጠማኝ» ይላሉ። ቅርጹ ሐተታ ነው። «እሺ አያቴ፣ ሰማሁ» ብሎ ጨዋታውን የሚቀጥል ልጅ ግን አይመሰገንም፤ ተነስቶ ውሃ ማምጣት አለበት። «ቤቱ አልቀዘቀዘም?» ስንል መስኮቱን ዝጉ ማለታችን ነው። «በሩን ትዘጊዋለሽ?» የምትባል ልጅ «አዎ» ብላ አትቀመጥም። ልጆቻችን ይህን ጥበብ ገና አፍ ሲፈቱ ጀምረው ያውቁታል። ማድረግ ያለብን በአማርኛ የሚያውቁትን በእንግሊዝኛ እንዲያዩት መርዳት ነው። ጆን ኦስቲን የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ንግግር ነገር መግለጫ ብቻ ሳይሆን ሥራ መሥሪያም መሆኑን አስረድቷል። እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ አያት ደግሞ ሶፋው ላይ ሆኖ ያስረዳዋል።

አሁን ከላይ ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። እኛ አክብሮታችንን ግሡ ውስጥ እናስገባዋለን። «ይቀመጡ» ካልን ሌላ ማሳመሪያ አያስፈልግም፤ ትእዛዝ ቢሆንም አክብሮት ነው። እንግሊዝኛ ግሡ ውስጥ አክብሮት የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሌላ ዘዴ ይጠቀማል፤ ትእዛዙን ጥያቄ ያለብሰዋል። «ኩድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ «እርስዎ» ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ለዚህ ነው ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው። ጨዋ፣ ሰው አክባሪ የሆነ ባለሙያ ለውጭ አገር አቅራቢ «ሴንድ ሚ ዘ ኢንቮይስ ቱዴይ» ብሎ ይጽፋል። በልቡ ያለው «ኢንቮይሱን ዛሬ ቢልኩልኝ» ነው። የደረሰው ግን ያለ «እርስዎ» የመጣ «ላክልኝ» ነው። ሰዋስው አልተሳሳተም፣ ፊደል አልጎደለም፤ የተመረጠው የዓረፍተ ነገር ዓይነት ነው ያስቀየመው። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ኢንቮይስ ቱዴይ?» ቢል ኖሮ ጥያቄው የሚፈልገውን ያመጣለት ነበር። ልጆቻችን ነገ የሚጽፉት የሥራ ማመልከቻ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚልኩት ደብዳቤ በዚህ ሚዛን ይመዘናል።

«አዎ» መቼ ነው «ኖ» የሚሆነው?

ከጥያቄ ዓይነቶች ሁሉ እጅግ ልንጠነቀቅለት የሚገባው በአሉታ የሚመጣው ነው። «ምሳ አልበላህም?» ሲባል ያልበላ ልጅ በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ሊል ይችላል። «አዎ» ያለው የጠያቂውን ግምት ለማጽደቅ ነው፤ ልክ ነህ፣ አልበላሁም ማለቱ ነው። የበላ ከሆነ ደግሞ «ኧረ በልቻለሁ» ይላል። እንግሊዝኛ የጠያቂውን ግምት አያይም፤ የሚያየው የሆነውን ነገር ነው። በልተሃል? «የስ»። አልበላህም? «ኖ»። ጥያቄው በአዎንታ ቢመጣም በአሉታ ቢመጣም መልሱ አይቀየርም።

ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፤ ዋሽንግተን ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት ሐኪም ቤት ገብታ ነርሷ «ዶንት ዩ ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ብትላት፣ ምንም የማይስማማት መድኃኒት የለም ወይ ማለቷ ነው። እናት በአማርኛ አስባ «የስ» ትላለች፤ አዎ፣ የለኝም ለማለት። ነርሷ የምትጽፈው ግን «አላት» ብላ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ፣ ለሆስፒታል፣ ለፖሊስ ጣቢያ የሚሆን አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ በ«የስ» እና በ«ኖ» ብቻ አታቁሙ። «ኖ፣ አይ ዶንት» ወይም «የስ፣ አይ ዱ» ብላችሁ ጨርሱት። ግሡን ከጨመራችሁ መልሳችሁ ለሁለት አይተረጎምም። ልጆቻችሁንም ከአሁኑ ሙሉ መልስ አስለምዷቸው።

የዚሁ ዘመድ የሆነች ትንሽ ጥያቄ አለች። እኛ ለሁሉም ነገር «አይደል?» እንላለን። ሞቃት ነው፣ አይደል? ትመጣለህ፣ አይደል? በልተዋል፣ አይደል? እንግሊዝኛ እንደ ግሡ ይለዋውጣታል። «ኢት ኢዝ ሆት፣ ኢዝንት ኢት?»፣ «ዩ ካን ስዊም፣ ካንት ዩ?»፣ «ዴይ ዲድንት ካም፣ ዲድ ዴይ?» ፊት ለፊቱ አዎንታ ከሆነ ጅራቱ አሉታ ነው፤ ፊቱ አሉታ ከሆነ ጅራቱ አዎንታ። በሁሉም ቦታ «ኢዝንት ኢት» የምንለው «አይደል»ን ይዘን ስለምንሻገር ነው።

ስንት ግሥ ታሥሯል?

በከፍተኛ ክፍሎች ደግሞ ሌላ አከፋፈል ይመጣል፤ ቀላል፣ ድርብ እና ውስብስብ። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ነው እጁን የሚሰጠው። ረጅም የሆነ ሁሉ ውስብስብ ይመስለናል። ርዝመት ግን እዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። ባለቤትና ግሡን ቁጠሩ።

አንድ ባለቤትና ግሥ ካለ ቀላል ነው፣ የፈለገውን ያህል ቢረዝም። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሐሳቦች በ«አንድ»፣ በ«በት»፣ በ«ኦር» ወይም በ«ሶ» ሲያያዙ ድርብ ነው፦ «አይ ኮልድ ሂም፣ በት ሂ ዲድንት አንሰር»፣ ደወልኩለት፣ ግን አላነሳም። ሁለቱን ብትለያዩአቸው እያንዳንዳቸው በእግራቸው ይቆማሉ። ውስብስቡ ውስጥ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፦ «አይ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»፣ ስለዘነበ ቤት ዋልኩ። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»ን ብቻዋን አንብቧት፤ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

እዚህም አማርኛው ይረዳናል። «ስለዘነበ»፣ «ሲመጣ»፣ «ከመጣ»፣ «የመጣው» ስንል ግሡ ራሱ አጋዥ ፈላጊ መሆኑን ከፊቱ ባለው ቅጥያ ይነግረናል። ልጃችሁ «ስለዘነበ» ብሎ ዝም ቢል «እና ምን ይሁን?» ትሉታላችሁ። «ቢኮዝ»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ» እና «ኦልዞው» የእነዚያ ቅጥያዎች የእንግሊዝኛ አቻ ናቸው ብላችሁ አስረዱት። ልዩነቱ የቦታ ነው። በአማርኛ ጥገኛው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ቢቀድምም ቢከተልም ይሆናል። ከቀደመ በኋላው ኮማ ይደረጋል።

አንዲት ወጥመድ ብቻ ላስታውሳችሁ። እኛ «ምንም እንኳ ቢደክመው፣ ነገር ግን ሠራ» ብንል ማንም አይገረምም። ይህን ይዞ የሚሻገር ልጅ «ኦልዞው ሂ ዎዝ ታየርድ፣ በት ሂ ወርክድ» ይላል። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ወይ «ኦልዞው»፣ ወይ «በት»።

መንገድ ላይ የሚነበብ ትምህርት

ይህን ሁሉ ለማለማመድ ጠረጴዛ አያስፈልግም። ትራፊክ ሲያቆማችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ ቤትም ውስጥ የብስኩት ማሸጊያ አለ። የማስታወቂያ መፈክር አጭር ስለሆነ ለልጅ የተመቸ ነው፤ እኛ የሙያው ሰዎች ደግሞ ዓይነቱን አስበንበት ነው የምንመርጠው።

ናይኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው «ጀስት ዱ ኢት» ትእዛዝ ነው፤ ባለቤቱ ተደብቋል። አፕል በ1997 ያወጣው «ቲንክ ዲፈረንት»ም እንዲሁ። ማክዶናልድስ ከ2003 ጀምሮ የሚጠቀምበት «አይም ላቪን ኢት» ሐተታ ነው፤ ባለቤት አለ፣ ግሥ አለ። በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለወተት የተሠራው «ጋት ሚልክ?» ጥያቄ ነው፤ ከፊቱ የነበሩት ቃላት እንደ ሰፈር ወሬ ተበልተዋል። የሎሬያል «ቢኮዝ ዩር ወርዝ ኢት» ደግሞ ጥገኛ ሐሳብ ብቻ ነው፤ «ስለሚገባሽ» ብሎ ያቆማል። ቀሪውን እኔ ልጨርሰው የምትለዋ ሴት ገዢ ሆና ትገኛለች።

ወደ አገራችን ስንመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን «ዘ ኒው ስፒሪት ኦቭ አፍሪካ» ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ግሥ አለው? የለውም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት «ሰርቲን መንዝስ ኦቭ ሰንሻይን»ስ? እሱም ግሥ የለውም። ሁለቱም ያማሩ ሐረጎች ናቸው እንጂ ዓረፍተ ነገር አይደሉም። ልጆች ይህን ሲያገኙ የሚደሰቱት ደስታ ልዩ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች የጻፉትን መርምረው ፍርድ ሰጥተዋልና።

ለዚህ ወር ሦስት ነገሮችን ብቻ ሞክሩ። የመጀመሪያው፣ የቤት ሥራውን ስታግዙ የመጨረሻውን ምልክት በጣታችሁ ሸፍናችሁ አስነብቡት፤ ልጁ ቃላቱን አይቶ ይፍረድ፣ ከዚያ ጣታችሁን አንሱ። ሁለተኛው፣ አንድ ሐሳብ ወስዳችሁ በአራቱም ዓይነት አስብሉት። በሩ ክፍት ነው፤ በሩ ክፍት ነው ወይ? በሩን ክፈት፤ በሩ እንዴት ወለል ብሎ ተከፍቷል! መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ሦስተኛው፣ ፊልም አብራችሁ ስታዩ አንድ ጊዜ አቁሙና «ይሄ ሰውዬ አሁን ጠየቀ ወይስ አዘዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተለያየ መልስ ከመጣ ጥሩ ነው፤ ተከራከሩበት።

እንግሊዝኛችሁ እምብዛም ነው ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ከላይ ካየናቸው ነገሮች ብዙዎቹን ልጃችሁ የሚረዳው አማርኛውን ስለሚያውቅ ነው፤ አማርኛውን ደግሞ ከእናንተ የተሻለ ማን ያስተምረዋል? የሰውን ንግግር ሰምቶ ይህ ሰው እየነገረኝ ነው፣ እየጠየቀኝ ነው ወይስ እያዘዘኝ ነው ብሎ መለየት የቻለ ልጅ ፈተናውንም ያልፋል፣ ሰውም ያከብረዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ መልካም ጊዜ!